የሣር ዳኛውና ስምንት ጠዋት

እንደ ወሬው ከሆነ የሣር ዳኛው የክለቡን ሣር የገደለው ሆን ብሎ ነው። ጡረታ ሊያወጡት መሆኑን ሲሰማ ቂም ያዘና ሰባት በርሜል መርዝ በጋሪ አስጭኖ ሣሩን ሥር ሥሩን አጠጣው አሉ። መርዙ ከመክፋቱ የተነሣ በላዩ ልታልፍ የሞከረች ወፍ ላባዋን አራግፋ በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች አሉ። ከዚያ ጸጸት ገባውና ኮሚቴው ፊት ተንበርክኮ፣ ምንጣፉ እስኪበሰብስ አልቅሶ ጥፋቱን አመነ። አማቹ፣ ያ ደግ ሰው፣ ይቅር ብሎት ዛሬም በየእሑዱ ፍራፍሬ ተሸክሞ ይጠይቀዋል።

ይህን ወሬ በካፌያችን የሚያከፋፍለው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ጠዋት ሲጀምረው አንድ በርሜል ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሦስት ደረሰ። ወፏም መጀመሪያ ያስነጠሰች ብቻ ነበረች፤ በእግሯ መሄድ የጀመረችው ከአሥር ሰዓት ሻይ በኋላ ነው። እንዲህ በየሰዓቱ የሚያድግ ወሬ ደግሞ ደህና ሥር ያለው አይመስልም።

ሰውየውንም የሚያውቅ ሰው ነገሩን ለመዋጥ ይቸገራል። የሣር ዳኛው ማለት ሣር ረግጦ ሲያልፍ ዞር ብሎ የረገጠው ሣር መነሣቱን የሚያይ ሰው ነው። ሚስቱ በሠርጋቸው ቀን ፎቶ ሲነሡ የእሷን ቬሎ ትቶ ጫማዋ ሣሩን እንዳይወጋው ሲጠነቀቅ እንደነበር ለሰው ሁሉ ተናግራለች። ፎቶው ላይም እሷ ካሜራውን፣ እሱ መሬቱን እያዩ ይታያሉ።

ዳኛ የሚለውን ስም ያወጡለት የክለቡ ሰዎች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በክለቡ በር ፊት ለፊት ያለው ሣር ላይ ማን ይኑር፣ ማን ይሙት የሚለውን የሚወስነው እሱ ነበር። ሣሩ ትልቅ አይደለም፤ ርዝመቱ ሠላሳ እርምጃ፣ ወርዱ ሃያ ቢሆን ነው። ግን በከተማችን ያገባ፣ የተመረቀ፣ ልጅ የወለደ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። የከተማው ደስታ በሙሉ የዳኛውን ሣር ረግጦ አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቢሆንም ትንሽ ነው።

የሣሩ ጠላቶች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች ናቸው። ማገጥ አለ፤ በሦስት በሦስት ቅጠሉ ተያይዞ እንደ ዘመድ አዝማድ የሚሰፋ። ጎርተብ አለ፤ መሬቱ ላይ ተኝቶ የጎረቤቱን ፀሐይ የሚቀማ። ቅጠሉ እንደ መጋዝ ጥርሳም፣ አበባው ቢጫ የሆነም አለ፤ አበባው ሲደርቅ ዘሩን እንደ ጥጥ በነፋስ ይልካል። ዳኛው ለእነዚህ የሚፈርደው በደረጃ ነበር። ጥቂት ከሆኑ ተንበርክኮ በቢላዋ ከነሥራቸው ያወጣቸዋል። ከበዙ ሣሩን ረዘም አድርጎ ያጭድና ጥላ አጥልቶባቸው እንዲደክሙ ይጠብቃል። ይህም ሁሉ ካልሆነ ብቻ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል።

ጠርሙሶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ሰፊ ቅጠሉን ገድሎ ሣሩን የሚተው ነው፤ እሱን መራጩ ይሉታል። ሌላው አረንጓዴ ያየውን ሁሉ የሚፈጅ ነው፤ እሱን ጨራሹ ይሉታል። ጨራሹ ለመንገድ ዳርና ለግንብ ስንጥቅ እንጂ ለሣር አይሆንም። በጀርባ የሚታዘሉት ሁለቱ መርጫዎች ግን እንደ መንታ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ውስጣቸው ያለውን የሚለየው ሽታው ብቻ ነው። ስለዚህ የመራጩ መርጫ እጀታ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ የጨራሹ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይታሰራል። ደንቡን ያወጣው ዳኛው ራሱ ነው፦ የሚበጠብጠው ሰው ጨርቁን ያስራል፤ የሚረጨው ሰው ክዳን አይከፍትም፣ ጨርቁን አይቶ ያዝላል።

ሰው ሁሉ ደንቡ የጥንቃቄ ብዛት ይመስለዋል። እውነቱን የሚያውቁት በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ዳኛው፣ ሚስቱና የሚስቱ ወንድም። ዳኛው ማሽተት ካቆመ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከአንድ ብርቱ ጉንፋን በኋላ አፍንጫው ለጌጥ ብቻ ቀረ። ሚስቱ አንድ ቀን ድስት አሳርራ ቤቱ በጭስ ሲሞላ እሱ እዚያው ተቀምጦ ዛሬ ጉም ወርዷል ብሏት ያውቃል። ክለቡ ይህን ቢያውቅ ወደ መድኃኒት መጋዘኑ አያስገባውም፤ ስለዚህ ነገሩ በቤት ውስጥ ተያዘ። አፍንጫውን ለጨርቁ፣ ጨርቁን ለአማቹ አደራ ሰጠ።

አማቹ፣ ይኸው የሚስቱ ወንድም፣ የክለቡ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። እናትና አባቱ ሲሞቱ ዳኛው ቤት አድጎ፣ ዳኛው አስተምሮት፣ ዳኛው ራሱ የክለቡን ሥራ አስኪያጅ ለምኖ ያስቀጠረው ነው። ዳኛውን ጋሼ ብሎ ይጠራዋል። ልጅ አልወለዱምና ዳኛው ስለ እሱ ሲያወራ አማቼ ማለት አይወድም፤ የኛ ልጅ ይላል። የኛ ልጅ አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩም ሳስቷል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በዛና ማገጡና ጎርተቡ ሣሩን ወረሩት። የክለቡ ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዳኛው ሲያሰላ፣ ዛሬ ከተረጨ አረሙ በሦስት ሳምንት ይደርቃል፤ በቀረው ሣሩ ክፍተቱን ይሸፍናል። ኮሚቴው ደግሞ በዓሉ ካማረ ዳኛው እስከ ጡረታው፣ ሌላ አራት ዓመት፣ ከሣሩ ጋር እንደሚቆይ፣ ካላማረ ግን ቦታውን ለወጣት እንደሚሰጥ ነገረው። ስለዚህ በዚያ ሣር ላይ የቆመው በዓሉ ብቻ አልነበረም።

ሦስት ቀን ሣሩን አላጨደም፤ የአረሙ ቅጠል በደንብ ሰፍቶ መድኃኒቱን እንዲጠጣ ነው። ሰኞ ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ጠበቀ። ነፋስ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ቁንጥር ዱቄት ወደ ላይ በትኖ አየ፤ ዱቄቱ ቀጥ ብሎ ጫማው ላይ ወረደ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ የታሰረበትን መርጫ አማቹ አመጣለት። አዘለው። ገመድ ወጥሮ፣ አንዱን መስመር ሁለቴ ሳይረግጥ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ እንደ ሙሽራ እየተራመደ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ረጨ። ያዩት ሁሉ መድኃኒት ሳይሆን ቡራኬ የሚረጭ ነበር የሚመስለው ይላሉ።

በአራተኛው ቀን ማገጡ መጠማዘዝ ጀመረ። ጎርተቡም አንገቱን ጠመዘዘ። መራጩ ሲሠራ ምልክቱ ይህ ነውና ዳኛው ደስ ብሎት ካፌ መጥቶ ለማያውቃቸው ሰዎች ሳይቀር ሻይ ጋበዘ።

በስምንተኛው ቀን ሣሩ ቢጫ ሆነ።

እዚህና እዚያ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን እሱ የተራመደበት ሁሉ ነው የገረጣው፤ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ መስመር ሳይዘል። ከሃያ ስድስት ዓመት ሥራው ሁሉ እንደዚያ ቀን አጥርቶ የሠራው አልነበረም። ተንበርክኮ አንዱን ሣር ሳብ ሲያደርገው ያለ ትግል ወጣለት። እዚያው ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። የክለቡ ዘበኛ ለጸሎት መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

በማግስቱ ነገሩን ሰው ሳይነግርበት ራሱ ሊናገር ወደ ሥራ አስኪያጁ ቤት ሄደ። ሥራ አስኪያጁ አልነበረም። የግቢው ዘበኛ ግን በሁለት እጁ ጨበጠውና ያመሰግነው ጀመር። ከግቢው ድንጋይ መሃል እየበቀለ መከራ ሲያሳየው የነበረው ሣር አለቀለት፤ ከእንግዲህ ወገቡ ዐረፈ። ዳኛው ወደ ታች ሲያይ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ሣር በሙሉ ደርቋል። ቢጫውም ያው የራሱ ሣር ቢጫ ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ ይቀድማል።

ማን እንደረጨው ጠየቀው።

ዘበኛውም አማቹ መሆኑን ነገረው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ መጥቶ፣ ነጭ ጨርቅ ያለበት መርጫ አዝሎ ረጨና ሄደ። ለምን ጥቁሩን እንዳልያዘ ዘበኛው ሳይጠየቅ አስረዳ፤ ጥቁሩ ጀርባው ላይ ስለሚያፈስበት ነው አለ። የተረፈውን ግማሽ መርጫም መልሶ ይዞት ሄዷል፤ ግቢው ውስጥ እንዳይደፋው ዘበኛው ራሱ ነበር የለመነው።

ዳኛው የቀረውን ለመገመት ዘበኛ አላስፈለገውም። ድንጋይ መሃል ሥር ለሰደደ ሣር ጨራሹ ጠንከር ተደርጎ ይበጠበጣል። ሰኞ የኛ ልጅ አርፍዶ መጣ። መርጫው ውስጥ ያለው ቅዳሜ ሊያጥበው የጨመረው ውኃ መሰለው፤ በላዩ መራጩን ለክቶ ጨምሮ እስከ አፉ ሞላው። ጨርቁ ነጭ ነው፤ ጨርቁ ትክክል ነው።

ወደ ቤቱ የሄደው በእግሩ ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ፀጉር አስተካካዩ ዳኛው የሆነ ነገር እየለካ ያለ ይመስል እርምጃውን ሲቆጥር አየሁት ይላል። ሳይቆጥር አልቀረም። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች አገኛት። የሰማውን ነገራት። ወንድሟ እንደተሳሳተ፣ ስህተቱን ሣሩ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ማንም ሊያውቀው እንደማይችል፣ ልጁ ራሱ ሲሰማ ልቡ እንደሚሰበር፣ እንዴት አድርገው ቀስ ብለው እንደሚነግሩት ያስብ ነበርና ይህንኑ ነገራት።

እሷ ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«ያውቃል» አለችው።

«ምኑን?»

«ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ነው ትዝ ያለው። ማታ መጥቶ ነገረኝ። አለቀሰ እኮ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።»

ዳኛው ተቀመጠ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ማለት መድኃኒቱ ገና ቅጠሉ ላይ ያለበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ቢነግረው የእሳት አደጋን ቧንቧ አስከፍቶ ሣሩን ያጥበው ነበር። አረሙም ይድን ነበር፤ ይዳን። ከሣሩ ግማሹን ያተርፍ ነበር።

«አንቺስ?» አላት።

«ወንድሜ ነው። ምን ልበል? ሣሩ ሳይሞት ይቀራል ብዬ ጠበቅኩ።»

ዳኛው የተናደደው በዚህ አልነበረም። ሚስቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ፣ ከአልጋ ሲወርድ፣ ሣሩ እንዴት አደረ ብላ ትጠይቀዋለች። በመካከላቸው እንደ ሰላምታ የሆነ ነገር ነው። ሰኞ ማታ ከሰማች በኋላም ማክሰኞ ጠዋት ጠይቃዋለች። ረቡዕም ጠይቃዋለች። ማገጡ ተጠማዘዘልኝ ብሎ ሲነግራት እሰይ ብላዋለች። ስምንት ጠዋት ሙሉ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሣሩ እንዴት አደረ ብላዋለች። ይህን ሲያስታውስ ሸሚዙን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደና ራሱ አጠፈው።

አማቹን አላነጋገረውም። ኮሚቴው ለሐሙስ ስለ ጠራቸው፣ የኛ ልጅ እዚያ ሲደርስ ራሱ ይናገራል ብሎ ጠበቀ። ዳኛው ይህን ያህል የዋህ ነው። ሌባ ቤቱ ቢገባ መብራት አብርቶለት ቀስ በል፣ ደረጃው ያሰናክላል የሚል ሰው ነው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሊቀ መንበሩ ያው ሥራ አስኪያጁ ነው። በክለቡ መሰብሰቢያ ክፍል፣ ዋንጫዎቹ በተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ተቀመጡ። መጀመሪያ አማቹ ተጠየቀ። ተነሥቶ ቆመ፤ ዳኛውን ግን አላየውም።

«እኔ የበጠበጥኩት መራጩን ነው፤ መዝገቡም ላይ አለ» አለ። «ከዚያ በኋላ መርጫው ውስጥ ምን እንደተጨመረ አላውቅም። ጋሼ ደግሞ ማሽተት ካቆሙ አምስት ዓመታቸው ነው። መራጩን ከጨራሹ አይለዩም።»

አንዱ የኮሚቴ አባል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዳኛው በሕይወቱ ብዙ አረም ነቅሏል፤ እንዲህ ከነሥሩ የተነቀለ ግን አላየም። ቤት ውስጥ ለሦስት ተይዞ የቆየው ነገር አሁን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ስድስት ዓይን ያየዋል።

እሱም ተነሥቶ ያየውን ተናገረ። አልጮኸም። ቅዳሜን፣ ነጩን ጨርቅ፣ የዘበኛውን ወገብ፣ በድንጋይ መሃል የደረቀውን ሣር አንድ በአንድ ተናገረ። አፍንጫውንም አልካደም። ሥራ አስኪያጁ በጽሞና ሰማው። በመጨረሻም ግቢው ውስጥ ያለው ሣር የደረቀው በፀሐይ መሆኑን፣ ዘንድሮ ፀሐዩ እንደ በረታ ገለጸ። ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ ከተማው በጀልባ ሊሄድ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ግን ማንም ወደ መስኮቱ አላየም። ዳኛው የግቢው ዘበኛ ይጠራ ሲል ዘበኛው እረፍት ላይ መሆኑ ተነገረው፤ እረፍት የወጣው በዚያው ጠዋት ነው።

ውሳኔው አጭር ነበር። ዳኛው በክብር እንዲሰናበት፣ ቦታውም ሥራውን በቅርብ ለሚያውቀው ለአማቹ እንዲሰጥ ሆነ። የክብር ወረቀት ተሰጠው፤ በወርቃማ ቀለም ስሙ ተሳስቶ ተጽፎበታል። አማቹ ደረጃው ላይ ተከትሎት ወረደ።

«ጋሼ፣ ሁለታችንም ብንባረር ቤቱን ማን ይደግፈዋል? እኔ ልትርፍ ብዬ እኮ ነው። የእርስዎ ጊዜ እንደሆነ አልፏል።»

ዳኛው ዞር ብሎ አየው። ሊመታው እጁን ያነሣ መስሏቸው ሁለት ሰዎች ቀረቡ። ኮሌታው ስለተጠቀለለ አቃናለትና ወረደ።

ሣሩ ተገልብጦ ተቆፈረ። ለሃምሳኛው በዓል ከሌላ ቦታ የመጣ ሣር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ገባና ተዘረጋ፤ እንግዶቹም ፎቶ ተነሡበት። አማቹ በነጭ ካፖርት ከዳር ቆሞ ነበር፤ አዲሱን ሣር ለመርጨት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰናዳ መርጫውን ሦስት ጊዜ አጠበው ይባላል።

ዳኛው አሁን የአንድ ትንሽ ክሊኒክ ሣር ይጠብቃል። አሥር እርምጃ በስድስት ነው። ለዚህ ጠርሙስ አያስፈልግም፤ በቢላዋ ይበቃዋል። በሽተኞቹ ተራቸውን ሲጠብቁ አጠገባቸው ተንበርክኮ ጎርተብ ሲነቅል ያያሉ። አንዲት የጥርስ በሽተኛ አንድ ጉንጯ አብጦ ያንን ለምን ነቀልከው፣ ያምራል እኮ አለችው አሉ። ተወላት።

ቤቱ ውስጥ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ተለያዩ የሚለውም ታረቁ የሚለውም ሰው አለ፤ ጎረቤቶቻቸው የሚያውቁት ግን ጠዋት ጠዋት ከዚያ መስኮት ይሰማ የነበረው ጥያቄ መቅረቱን ነው። እሱ ይነሣል፣ ጫማውን ያስራል፣ ይወጣል። እሷ በሩን ትዘጋለች። አማቹ በእሑድ ፍራፍሬ ይዞ መምጣቱ እውነት ነው። እህቱ ትቀበለዋለች። ዳኛው ያን ጊዜ ካፌ ነው።

ባለፈው እሑድም ካፌ ነበር። ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ ይዞ ሻዩን ያማስላል። ፀጉር አስተካካዩ ጀርባውን ለጥጉ ሰጥቶ፣ ለሁለት እንግዳ ሰዎች ወሬውን ከመጀመሪያው እያወጋ ነው። በርሜሉ አሥራ አንድ ደርሷል። ወፏ ባሏንም ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። መንበርከኩ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ወርዶ እስከማሳየት ደረሰ፤ ይቅርታው ላይ ሲደርስ ድምፁ ሆዱ እንደባባ ሰው ተንቀጠቀጠ። እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አስተናጋጇ ብቻ በዓይኗ ወደ ጥጉ ታመለክትለታለች፤ እሱ ግን ሂሳብ የጠየቀችው መስሎት ቆይ ይላታል።

በመጨረሻ ዞር አለና አየው። ቶሎ ፈገግ አለ።

«ዳኛው! አለህ እንዴ? ያው ስለ አንተ በደግ ነው የምናነሣው። ተሳሳትኩ?»

ዳኛው ማንኪያውን ከብርጭቆው አውጥቶ ሰሐኑ ላይ አስቀመጠ።

«ሣሩን አልገደልኩም» አለ። «አንድ በርሜልም አልነበረም። አልተንበረከክኩም፤ አላለቀስኩም፤ ያመንኩትም ጥፋት የለም። ይቅር ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም ይቅር ያልኩት ሰው የለም።»